ወይኑ ገባ፣ ቢላው ቀረ

ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ላይ የጦር መሣሪያ ተቀጥቅጦ የእርሻ መሣሪያ የሚሆንበትን ክፍል አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰይፉ ማረሻ ይሆናል። ጦሩስ ምን ይሆናል? በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጡ «ማጭድ» ይላችኋል። ማጭድ ምን እንደሆነ ለአዊ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ጤፉ፣ ገብሱና ሣሩ የሚታጨድበት፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚውል ዕቃ ነው።

ነቢዩ የጠራው ዕቃ ግን ሌላ ነበር። በዕብራይስጡ ያለው ቃል «መዝሜራ» ይባላል፤ የወይን ቅርንጫፍ የሚገረዝበት አጭርና ቆልመም ያለ ቢላ ነው። ለእህል ማጭድ ዕብራይስጥ «መጋል» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ኢዩኤል ስለ መከር ሲናገር የተጠቀመው በዚህኛው ነው። እንግዲህ ኢሳይያስ በራእይ ያየው ጦር መጨረሻው ወይን ቦታ ውስጥ ነበር።

ይህን የማነሣው ተርጓሚዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ምን ያድርጉ? ሰው በእጁ ይዞት ለማያውቀው ዕቃ ቋንቋው ስም አያወጣም። ከሁሉም የሚቀርበውን ስለታም ጠምዛዛ ብረት መረጡ፤ አንባቢውም ገባው። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። «ወይን» የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ የዕብራይስጡ «ያይን» ዘመድ ነው። ተክሉ ስም አለው፣ ፍሬው ስም አለው፣ የደረቀው ፍሬ «ዘቢብ» የሚል ስም አለው። ቢላው ብቻ ስም የለውም። በእኔ ግምት በአገራችን የወይን ታሪክ ውስጥ የጎደለው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። በግቢያችሁ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቅጠል ብቻ የሚያወጣ አሮጌ ወይን ካለም፣ ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

መዝሜራ ለእስራኤል ገበሬ ምን ያህል የዕለት ተዕለት ዕቃ እንደነበረ የምታሳይ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አለች። ሮበርት ማካሊስተር የተባለ አርኪዮሎጂስት በ1908 እ.ኤ.አ. የጥንቷን ጌዝር ከተማ ሲቆፍር ያገኛት ሲሆን፣ በመዳፍ ልትያዝ የምትችል የኖራ ድንጋይ ናት። ጽሑፏ ወደ ሰሎሞን ዘመን የሚጠጋ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 10ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ዓመቱን በሥራ ትከፋፍለዋለች፤ ሁለት ወር ለዚህ፣ አንድ ወር ለዚያ እያለች። ገብስና ስንዴ ከተሰበሰቡ በኋላ ሁለት ወር «ዝምር» ትላለች፤ ብዙ ሊቃውንት የወይን መግረዝ ሥራ ነው ብለው ያነቡታል። ለገብስ አጨዳ አንድ ወር፣ ለወይኑ ሁለት ወር ማለት ነው። ዘሌዋውያን 25ንም ተመልከቱ። በሰባተኛው ዓመት የሚከለከሉት ሥራዎች እርሻ መዝራትና ወይን መግረዝ ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን መቆማቸው መግረዝ እንደ መዝራት ሁሉ በየዓመቱ የማይታለፍ ሥራ እንደነበረ ያሳያል።

እዚህ ላይ ለመዘምራን የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ዝ-ም-ር የሚሉት ሦስት ፊደላት በዕብራይስጥ መግረዝ ማለት ናቸው፤ እነዚያው ፊደላት መዘመር ማለትም ናቸው። እኛ «መዝሙር»፣ «ዘማሪ»፣ «ዝማሬ» የምንለው ከዚህ የሁለተኛው ወገን ነው። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ዝናቡ አልፎ አበባ ሲታይ ደረሰ የሚባለው ጊዜ፣ በዕብራይስጡ የዝማሬ ጊዜም የመግረዝ ጊዜም ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጀመረው የግሪክኛው የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም «የመቁረጥ ጊዜ» ብሎ ተርጉሞታል። የያዛችሁትን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣችሁ የትኛውን እንደመረጠ እዩ። ነገር ግን ስብከት ለመሥራት አትቸኩሉበት፤ ብዙዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት በድምፅ የተገጣጠሙ ሁለት የተለያዩ ሥሮች ናቸው ይላሉ።

ለመሆኑ ወይን ይህን ያህል ቢላ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ማንጎ ማን ገረዘው? ኮክ ሳይገረዝም ያፈራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይን በተፈጥሮው ጫካ ውስጥ በዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ዋና ሥራው ከዛፉ ጫፍ ደርሶ ፀሐይ ማየት ነው። ፍሬውን የሚሰጠው በዚህ ዓመት በወጣ ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው። ያ ቀንበጥ ደግሞ የሚያፈራው ካለፈው ዓመት ዘንግ ዓይን ሲወጣ ነው። ከአሮጌው ወፍራም ግንድ በቀጥታ የሚፈነዳ ቀንበጥ ብዙ ጊዜ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሳይገረዝ አሥር ዓመት የተተወ ወይን ፍሬ የሚሰጠው ክፍል በየዓመቱ ከሥሩ እየራቀ፣ ጣሪያውን አልፎ ወደ ጎረቤት ዋንዛ ይሄዳል። ቅርብ ያለው ሁሉ እንጨት ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ የሚደንቅ ነው። የሚመጣው ዓመት ዘለላ ዘንድሮ በዓይኑ ውስጥ፣ በጉሊት መነጽር ካልሆነ በማይታይ መጠን ተጀምሮ ይቀመጣል። ያ ጅምር ምን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም። ዓይኑ ብርሃን ካገኘ ዘለላ ይሆናል። በቅጠል ክምር ተሸፍኖ ከጨለመበት ያው ጅምር ወደ መጠምጠሚያነት፣ አጥር ላይ ወደሚቀለበሰው ቀጭን ክር ይለወጣል። በግቢያችሁ ያለውን የተጠላለፈ ወይን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ያ ሁሉ መጠምጠሚያ ወይን ሊሆን ይችል የነበረ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ገበሬው የሚሠራቸውን ሁለት ሥራዎች አስቡ፤ አንዱ ማስወገድ ነው፣ ሌላው የእኛ ትርጉም «ማጥራት» ያለው ነው። በግሪክኛው ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይመሳሰላሉ፤ «አይሬይ» እና «ካታይሬይ»። የመጀመሪያውን «ከመሬት ያነሣዋል» ብለው የሚተረጉሙ ሰባኪዎች ሰምታችሁ ይሆናል፤ ቃሉ በሌላ ቦታ ያን ትርጉም ይይዛል፣ የወደቀ ሐረግ ማንሣትም በእርግጥ የወይን ገበሬ ሥራ ነው። ግን ጥቂት ወረድ ብሎ እሳት ስለሚመጣ እኔ ማስወገዱን እመርጣለሁ። «ማጥራት» የሚለው የአማርኛ ቃል ግን እጅግ ሰምሮለታል። ቢላው ለዓይኑ ብርሃን ያጠራለታል፤ የገበሬውን ሥራ ከዚህ አጥርቶ የሚገልጽ ቃል አላውቅም።

ሰው ይህን እንዴት ተማረው ለሚለው ጥያቄ ግሪኮች ደስ የሚል መልስ ነበራቸው። ጳውሳንያስ የተባለ የ2ኛው መቶ ዓመት ተጓዥ ናውፕሊያ በተባለች የወደብ ከተማ በዓለት ላይ የተቀረጸ የአህያ ምስል አይቶ ምክንያቱን ጠየቀ። አህያዋ የወይን ሐረግ ነጭታ በልታ ነበር፤ በቀጣዩ ጊዜ ያ ሐረግ ከሌሎቹ አብልጦ አፈራ፤ የከተማው ሰውም መግረዝ ያስተማረችንን እንዘክራት ብሎ ቀረጻት አሉት። ተረት ነው። ሆኖም አህያና ፍየል የሚለቀቅበት አገር ላለን ለእኛ የማይታመን አይደለም።

ሮማውያን ዘንድ ነገሩ ተረት ብቻ አልነበረም። በ79 እ.ኤ.አ. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ጊዜ የሞተው ፕሊኒ እንደሚተርከው፣ በጣሊያን ወይን በረጃጅም ዛፎች ላይ ይወጣ ስለነበር፣ ለቀማ የሚቀጠር ሠራተኛ ከዛፉ ወድቆ ቢሞት የቀብሩን ወጪ አሠሪው እንዲችል አስቀድሞ ይዋዋል ነበር። የጥንቱ ንጉሥ ኑማም ካልተገረዘ ወይን የተጠመቀ መጠጥ ለአማልክት እንዳይፈስስ ከለከለ ይባላል። ምክንያቱን ፕሊኒ አይሸፍነውም፤ ሕዝቡ የእህል አራሽ ነበር፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ መግረዝን ይፈራና ያዘገይ ነበር፤ ስለዚህ በሃይማኖት ሕግ አስገደደው። አራሽ ሕዝብ ቢላውን በፈቃዱ አልያዘውም ማለት ነው። ይህን ያዙልኝና ወደ አገራችን እንግባ።

ወይን ወደ እኛ የመጣው ገና ድሮ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያ፣ ፔሪፕለስ የሚባለው፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሶርያና ከጣሊያን የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ ይቆጥራል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና የቤጃን ሰዎች አሸንፎ ወደ ሌላ ምድር ሲያሰፍራቸው በመንገድ ያበላቸውንና ያጠጣቸውን በድንጋይ ላይ አስቀርጿል፤ ከዳቦውና ከሥጋው ጋር ጠላና ወይን አለበት። በአክሱም ከተማ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገው ቁፋሮ የወይን ፍሬ ዘር ተገኝቷል። በመቃብር ውስጥ ከተገኙት የዝሆን ጥርስ ቅርጾች መካከልም የተጠማዘዘ የወይን ሐረግና በመካከሉ እንስሳት የሚታዩባቸው አሉ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በዓለት የተፈለፈሉ ገንዳዎችን የወይን መጭመቂያ ናቸው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እንግዲህ ወይን ቢያንስ ለአክሱም ሰው እንግዳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ልቤን የሚይዘው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለቁርባን የሚሆነው ወይን እንዴት እንደሚዘጋጅ ጽፏል፤ ዘቢቡ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ይጨመቃል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዘቢብ መጠቀሟን ዛሬም አልተወችም። ብልህ መላ ነው። ዘቢብ ደርቆ በበቅሎ ጀርባ ይጓዛል፣ በከረጢት ዓመት ይቆያል፣ ዛፉ ግን አብሮት መምጣት የለበትም። ዛፉ ሳይኖር ፍሬው ይደርሳል።

እኛስ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያለን? የእኛ ያልቦካ ጭማቂ ታሪክ ከዚያ በጣም ይለይ ይመስላል፤ መጨረሻው ግን ያው ነው። ቶማስ ዌልች የተባለ ሜቶዲስት የጥርስ ሐኪም በ1869 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቫይንላንድ በምትባል ከተማ የወይን ጭማቂ በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውሃ አሞቀው። ፓስተር በእነዚያው ዓመታት ያገኘውን ዘዴ ተጠቅሞ መፍላቱን አቆመው፤ ዓላማውም ለጌታ እራት የማያሰክር ወይን ማቅረብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭማቂ በጠርሙስ ዓለምን ዞረ። አየለ፣ ተመቸም። ግን የጌታን እራት እየወሰደ አድጎ የወይን ዘንግ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ትውልድ ተፈጠረ። ከመድረክ ስለ ግንዱና ስለ ቅርንጫፉ ሲነገረን ብዙዎቻችን በሐሳባችን የምናየው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው።

በአገራችን ወይን የተከለ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በጣና ምሥራቅ ያለችው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት በተጓዦች ዘንድ በወይኗ ትታወቅ ነበር። ዛሬ ይፋግን በወይን የሚያስታውሳት ወጣት ማግኘት ይከብዳል። በየዘመኑ ወይን ይተከላል፤ ጥቂት ትውልድ ይቆይና ስሙ ብቻ ይቀራል።

በእኛ በአዊ በኩልማ ሌላ ጠንካራ ተፎካካሪ ነበረው፤ ማር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ግሽ ዓባይ ሲመጣ ያየውን ሲጽፍ፣ አገው ለጎንደር ከተማ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ሰሙን፣ ከብቱንና ቆዳውን እንዴት እንደሚያቀርብ በአድናቆት ይተርካል። ጫካና አበባ ያለው ሕዝብ ወይን ለምን ይገርዛል? ቀፎውን ይሰቅላል፣ ንቡ የቀረውን ይሠራል።

ሆኖም ማር ብቻውን ሙሉ መልስ አይመስለኝም። የአካባቢያችን ሰው መቁረጥ አያንሰውም። ባሕር ዛፍ ይቆርጣል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዲከረንስ ይተክላል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ጌሾ ይቆርጣል፣ ቀርከሃ ይቆርጣል። በእነዚህ ሁሉ የሚቆረጠው የሚፈለገው ነገር ነው፤ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ ዘንጉ ወደ ቤት ወይም ወደ ገበያ ይሄዳል። ወይን ላይ ግን የምትቆርጡት የማትፈልጉትን ነው፣ ያውም ከመጠን በላይ ብዙ፤ ካለፈው ዓመት እድገት ከአሥር ዘጠኙን እጅ። የምትፈልጉት ገና አልታየም። ስለዚህ እናታችሁ መቀስ ይዛችሁ ስትወጡ ቢያዩ «ለምለሙን ምን አድርጎህ ነው የምትቆርጠው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። የኑማ ሮማውያንም ያሉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ላይ የአየር ጠባዩ ይጨመራል። በፍልስጥኤምና በአውሮፓ ብርዱ ሲመጣ ወይን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዛፉ ራሱ ደረቅ ዘንግ ሆኖ «አሁን ግረዘኝ» ይላል። በእኛ ደጋ እንዲህ ያለ እንቅልፍ የለም። ዓመቱን ሙሉ ትንሽ አረንጓዴ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ያድጋል፣ የቢላውን ቀን የሚነግር ምልክት አይሰጥም። በሞቃትና በለዘበ አገር ወይን የሚያለሙ ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ቀኑን ራሳቸው መወሰን ነው። ውሃ ይከለክሉታል፣ የቀረውን ቅጠል በእጃቸው ያራግፋሉ፣ ከዚያ ይገርዛሉ፤ ዛፉ ከመግረዙ ጀምሮ አዲስ ዓመት ይቆጥራል። በዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ዝርያ አምጥቶ የተጀመረው ሰፊ የወይን እርሻ የሚሠራው በዚህ እውቀት ነው። እዚያ የሚጠመቀውን መጠጥ ለማስተዋወቅ አይደለም ያነሣሁት፤ በስምጥ ሸለቆ ቢላው እንደ ተክሉ ሁሉ አብሮ መግባቱን ለማሳየት ነው። በነገራችን ላይ ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ቆፍረዋል። ነቢዩ ስለ ወይን ቦታ አጥር ሲናገር ቀበሮ እንጂ ጉማሬ አላሰበም ይሆናል።

ወደ ግቢያችሁ ልመለስ። መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር፤ እንጅባራ የወይን አገር አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ በደመና ይሸፈናል። ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ይሻላታል። በሁለቱም ቦታ የወይን ዋና ጠላት እርጥበት የሚያመጣው የቅጠል በሽታ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ አውሮፓን ራሷን አናውጧት ነበር። ነጭ ዱቄት የሚመስለው በሽታ በ1845 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ታይቶ በጥቂት ዓመታት ፈረንሳይን አዳረሰ፤ መድኃኒቱ የድኝ ዱቄት መሆኑ ተገኘ። በ1878 ሌላው፣ ከቅጠሉ ሥር እንደ ሻጋታ የሚወጣው መጣ። ለዚህኛው መድኃኒቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በቦርዶ አካባቢ ገበሬዎች መንገደኛ እንዳይለቅምባቸው በመንገድ ዳር ያለውን ወይን በመዳብ ሰልፌትና በኖራ ውሃ አረንጓዴ ያደርጉት ነበር፤ ፕሮፌሰር ሚያርዴ ያ የመንገድ ዳር ወይን ብቻ ቅጠሉ ሳይረግፍ መቅረቱን አስተዋለና በ1885 ለዓለም አሳወቀ። የሌባ ማስፈራሪያው የወይን መድኃኒት ሆኖ ቀረ። ከሁለቱም መድኃኒቶች በፊት ግን የሚረዳው አየር ነው። ነፋስ የሚያልፍበት፣ ከዝናብ በኋላ ቶሎ የሚደርቅ ቅጠል ብዙም አይታመምም። ተጠላልፎ የተኛ ወይን እስከ ጠዋት አራት ሰዓት ጤዛ ይዞ ይውላል።

ስለዚህ ሂሳቡን ከመጨረሻው ጀምሩት። ፍሬው በዝናብ መብሰል የለበትም። በእኛ ብርድ ከመግረዝ እስከ መብሰል አምስት ወር ያህል ቁጠሩ። ክረምቱ እየወጣ ሲሄድ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ብትገርዙ ፍሬው በየካቲትና በመጋቢት፣ በደረቁ ወራት ይደርሳል። እንጅባራ ላይ አንድ ችግር አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድበት ዝቅ ያለ ቦታ ከሆነ ለጋው ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ግቢ ያላችሁ ወይኑን ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ቆርቆሮው ሙቀት በሚመልስበት በኩል አሳድጉት፤ ቦታ ከሌለ ደግሞ ለቅጠሉና ለጥላው ብቻ መያዝም ነውር የለውም። ዳንግላ ላይ ያላችሁ እድላችሁን ሞክሩ።

ከመግረዙ ሁለት ሳምንት በፊት ውሃ ማጠጣቱን አቁሙ። ከዚያ የተሳለ መቀስና ለወፍራሙ ትንሽ መጋዝ ይዛችሁ ከሥሩ ጀምሩ። ገጀራ አይሆንም፤ ይሰነጥቃል። የሞተውንና የተሰባበረውን መጀመሪያ አውጡ። ቀጥሎ ግንዱን ፈልጉ፤ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ይበቃል። ከእሱ ግራና ቀኝ እንደ ተዘረጋ እጅ የሚሄዱ ሁለት ክንዶች ምረጡ። በእነዚህ ክንዶች ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን፣ ቡናማ የሆኑትን፣ ፀሐይ ያዩ ያለፈው ዓመት ዘንጎች ለዩ። በስንዝር ርቀት አንድ አንድ ትታችሁ እያንዳንዳቸውን ሁለት ዓይን ብቻ እስኪቀራቸው ድረስ ቁረጧቸው። ከላይኛው ዓይን ሁለት ጣት ያህል ከፍ በሉ። የቀረው ሁሉ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ መሬቱ ላይ ያለው ክምር ዛፉ ላይ ከቀረው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሥራው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

እጅግ የከረመ ከሆነ፣ ከግንዱ ዙሪያ ሁለት ክንድ የሚሆን ካጣችሁ፣ ሁሉንም በአንድ ዓመት አትጨርሱት። ከሥሩ አጠገብ የሚወጣ ጠንካራ ቀንበጥ ጠብቁ፣ በእንጨት ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አሳድጉት፤ እሱ ሲደርስ አሮጌውን ግንድ በመጋዝ አውርዱት። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይወስዳል። ሥሩ ያረጀ ቢሆንም ኃይሉ አለ፤ አዲሱ ግንድ በፍጥነት ያድጋል።

የእርሻ ባለሙያዎች መግረዝና መግራት የሚሉት አብሮ ይሄዳል። የቀርከሃ ወይም የዲከረንስ አጣና ግራና ቀኝ ትከሉ፤ አንድ ሽቦ በወገባችሁ ቁመት፣ ሌላ በራሳችሁ ልክ ዘርጉ። ክንዶቹ በታችኛው ሽቦ ላይ ይታሰራሉ፣ ለጋው ቀንበጥ ወደ ላይኛው ይወጣል። ማሰሪያው የጨርቅ ቁራጭ ይሁን፣ ላላ ብሎ፤ ሽቦና ሲባጎ እያደገ የሚሄደውን ዘንግ አንቆ ይቆርጠዋል። ዘለላው ከታየ በኋላ የጠዋት ፀሐይ በሚመጣበት በኩል ያሉትን ጥቂት ቅጠሎች አንሱለት። ኢሳይያስ 18 ላይ አበባው ካለፈ በኋላ ከመከር በፊት የሚቆረጠው ቀንበጥ ይህ የአረንጓዴው መግረዝ ነው፤ እዚያም ዕቃው ያው መዝሜራ ነው።

ከክምሩ ውስጥ ጤነኛ የሆኑትን ዘንጎች አትጣሉ። ሦስት ዓይን እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ሁለቱን ዓይን አፈር ውስጥ አንዱን ከላይ፣ ወደ ላይ ያድግ የነበረው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ተክላችሁ አርጥቡት። ሥር ሲያወጣ ለጎረቤት ይሰጣል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። ከገረዛችሁ በኋላ ባሉት ቀናት ከተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ጥርት ያለ ውሃ መንጠባጠብ ሊጀምር ይችላል፤ አንዳንዴ መሬቱን እስኪያርስ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዛፉን ገደልከው ሊላችሁ ይችላል። አመድ አትነስንሱበት፣ ጭቃ አትለጥፉበት፣ በጨርቅም አትሰሩት። ሥሩ ወደ ላይ የሚልከው ውሃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ሲከፈቱ ይቆማል።